ወላጅ ውጭ አገር ሲሆን፦ የልጅ ቀለብና ውርስ

ከሐይቅና ከአምባሰል ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። የወላጅ መራቅ ግን የልጅን ቀለብ አያስቀርም። ጥያቄው የሚጀምረው አባትነትን ከማረጋገጥ ነው። በጋብቻ ውስጥ ለተወለደ ልጅ ሕጉ የእናቲቱን ባል አባት ነው ብሎ ይገምታል፤ ከጋብቻም ሆነ እንደ ባልና ሚስት አብሮ ከመኖር ውጭ ለተወለደው ግን አባትየው ልጅነቱን መቀበል፣ ያለዚያም ፍርድ ቤት መወሰን አለበት። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሁለቱን ልጆች በመብት እኩል አድርጓል። ይህን ባለማወቅ ሳይጠይቁ የሚቀሩ እናቶች መኖራቸው ያሳዝናል።

የቀለቡ መጠን በልጁ ፍላጎትና በወላጁ አቅም ይለካል። የሚከብደው ማስፈጸሙ ነው። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2007 የወጣው የሄግ የልጆች ቀለብ ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ የኢትዮጵያ ፍርድ በውጭ ደመወዝ ላይ መፈጸሙ በዚያው አገር ሕግ ይወሰናል። ስለዚህ ወላጁ አገር ቤት ያለው ቤት፣ መኪና ወይም የባንክ ተቀማጭ ዋናው ተስፋ ነው።

ወላጁ ሲሞት፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች በእኩል ድርሻ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው። ስማቸው በኑዛዜ አለመጠቀሱ ብቻውን ከውርስ አይነቅላቸውም። ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ብቻ ነው። ውርሱን ሌላ ሰው ከያዘው፣ ወራሹ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ባወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ ይኖርበታል።