የአሮጌው ስፖርት አውቶሞቢል ሞተር ስለ ምን ይፈላል?

አንድ የታወቁ ነጋዴ ወዳጃችን ለብዙ ዓመታት በጥንቃቄ ያኖሯት አንዲት ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለቻቸው። ይህች መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋራዥ ገብታ ሦስት ጊዜ ሒሳብ ተከፍሎባታል። መጀመሪያ ራዲያተሩ ተፈትቶ ታጠበ፤ ቀጥሎ የውሃው ፖምፓ ተለወጠ፤ በመጨረሻም ቴስታታው ወርዶ ፊቱ ተላገ። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ሞተሩ መፍላቱን አልተወም። ጥፋቱ የተገኘው ከዕቃው ሁሉ ዋጋው በሚያንሰው፣ ማለትም በራዲያተሩ ክዳን ላይ ነበር። የጋራዡን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ቤት ብቻ የሚታይ አይደለምና።

ስፓይደር እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሪኖ የአውቶሞቢል ትርኢት ለሕዝብ ቀርባ እስከ 1985 ድረስ የተሠራች መኪና ናት። አካሏ የፒኒንፋሪና ቤት ሥራ ሲሆን፣ ሞተሯን የነደፉት ቀድሞ በፌራሪ ቤት የነበሩት መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ናቸው። የዚህ ሞተር ታችኛው አካል ብረት፣ ቴስታታው ግን አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ይልቅ ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይበላል። ስለዚህ የወዳጃችን ቴስታታ መጣመም የመፍላቱ ውጤት እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። ጋራዡ ውጤቱን አክሞ ምክንያቱን በቦታው ተወው።

ክዳኑ ይህን ያህል ኃይል ያለው ስለ ምንድን ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ግን ውሃውን በግፊት አፍኖ የሚፈላበትን ልክ ከፍ ያደርገዋል። ለምሳሌ በካሬ ኢንች 7 ፓውንድ የሚይዝ ደኅና ክዳን በአዲስ አበባ የመፍያውን ልክ ወደ 106 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ ወደ 92 እንመለሳለን። በብዙዎቹ ስፓይደሮች ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ቬንቲላተር ደግሞ የሚነሣው ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ቬንቲላተሩ ሥራውን ገና ሲጀምር ውሃው ለመፍላት ተቃርቧል፤ በቴስታታው ውስጥ ባሉት እጅግ የጋሉ ቦታዎችማ ቀደም ብሎ ፈልቷል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሜካኒክ ይህን ያህል የማይጨነቅበት ክዳን በእኛ ከተማ ሞተር ያጠፋል።

ይህን ሰምቶ ከፋብሪካው ከታዘዘው የበለጠ ግፊት የሚይዝ ክዳን የሚገዛ ሰው ግን ተሳስቷል። ያረጁት የጎማ ቱቦዎችና የራዲያተሩ ብየዳ ያን ግፊት አይችሉትም። ክዳኑ ቁጥሩ የታዘዘው፣ ጥልቀቱም ከራዲያተሩ አንገት ጋር የሚስማማ ይሁን። አንገቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ታችኛውን መቀመጫ የማይነካ ክዳን ከተበላሸው አይሻልም፤ ዕቃ አስመጪዎቻችንም ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከመፍቻ ሳይሆን ከጥያቄ ነው። መኪናይቱ የምትግለው መቼ ነው? ቆማ ወይም በሰልፍ ስታዘግም ግላ፣ መንገድ ሲከፈትላት የምትቀዘቅዝ ከሆነ ቬንቲላተሩን፣ የሚያስነሣውን የሙቀት ማብሪያና ፊውዙን መመርመር ይገባል። በተቃራኒው ቆማ ደኅና ሆና ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ስትሄድ የምትግል እንደሆነ፣ ራዲያተሩ በዝገትና በኖራ ተደፍኗል፣ ፖምፓው ደክሟል፣ ወይም የካንዴላው እሳት ከጊዜው ዘግይቶ ይነሣል። መርፌው በደኅናው ስፍራ ቆሞ ሳለ ውሃው የሚገነፍል ከሆነ፣ እንደ ወዳጃችን መኪና፣ በመጀመሪያ ክዳኑ ይጠርጠር። መርፌው መብራት በበራ ቁጥር ወደ ላይ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የጋለው ሞተሩ ላይሆን ይችላል፤ የመለኪያው የኤሌክትሪክ መሬት ተላቆ ይሆናል። ውሃው የትም ሳይንጠባጠብ እየጎደለ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተነሣና ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ከወጣ ብቻ ቴስታታውን ማውረድ ተገቢ ይሆናል። በነገራችን ላይ የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም፤ በዚህ ፊታቸው የተቃጠለ ብዙዎች ናቸው።

በጋራዦቻችን የተለመደ አንድ መድኃኒት አለ፤ ይኸውም ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ለአንዳንድ ሞተር ለጊዜው የረዳ ይመስላል። የስፓይደር ቴርሞስታት ግን ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው በአቋራጭ እንዳይመለስ መንገዱን የሚዘጋም እርሱ ነው። ሲወጣ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር የባሰ ያግላል። ውሃ በተለወጠ ጊዜም አየር በውስጥ ታምቆ እንዳይቀር የመኪናይቱን አፍንጫ ቀና አድርጎ፣ የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍቶ በዝግታ መሙላት ያስፈልጋል።

ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ሥራ አንድ ጥዋት ቢፈጅ ነው፤ የግፊት መሞከሪያው መሣሪያም ውድ አይደለም። ታዲያ ስለ ምን አይሠራም ብንል፣ ባለመኪናው ለተለወጠ ዕቃ እንጂ ለምርመራ መክፈልን ስላልለመደ፣ ባለጋራዡም የማይከፈልበትን ጊዜ ማጥፋት ስለማይሻ ነው። ምርመራውን ለብቻው ዋጋ ቆርጦለት በደረሰኝ ላይ በራሱ መስመር የሚጽፍ ጋራዥ በዚህ ረገድ ደንበኛውንም ራሱንም ይጠቅማል፤ ወዳጃችንም የክዳኑን ብልሽት ያገኘላቸው እንዲህ ያለ ጋራዥ ነው። አዲሱ ክዳን ከተገጠመ ወዲህ መኪናይቱ የእንጦጦን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥታ አልፈላችም። የተላገው ቴስታታ ግን ከእንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚላግ ውፍረት አልቀረውም።