«ምክር ቤቱ ውሳኔ አሳለፈ» ሲባል፦ ሕገ መንግሥት በምን መንገድ ይሻሻላል? የእኛስ አንቀጾች የት ነው ያሉት?

 

«ሕገ መንግሥቱ ሊሻሻል ነው» የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር በዶርምም በመስጂድ ደጃፍም ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመናል። አንደኛው ነገ ጠዋት ሁሉም ነገር የሚገለበጥ ይመስለዋል። ሌላኛው «የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን» ብሎ ብርድ ልብሱን ይስባል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ሰነዱን ከፍተው አለማየታቸው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች ብቻ ያሉት ሲሆን ከአንድ የፈተና ሌሊት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የምማረው ኢንጂነሪንግ ስለሆነ እንደ ጠበቃ አልናገርም። የማሻሻያው ክፍል ግን ከሕግ ይልቅ ለሒሳብ የቀረበ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በዚህ ጽሑፍም ሒሳቡን እናያለን።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። አንድ የክልል ምክር ቤት ስለ ሕገ መንግሥት ጉዳይ ሲወስን ከሦስት ነገሮች አንዱን እያደረገ ነው። «ጉዳዩ ይጠና» ሊል ይችላል። «ይሻሻል» ብሎ ሐሳብ ሊያመነጭ ይችላል። ወይም ከሌላ ቦታ የመጣለትን ማሻሻያ ሊያጸድቅ ይችላል። ዜና አንባቢው ሦስቱንም «ምክር ቤቱ ወሰነ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ርቀታቸው ግን ከዳባት ደባርቅና ከዳባት አዲስ አበባ እንዳለው ልዩነት ነው።

እንዲያውም ብዙ ትልልቅ ለውጦች ከነጭራሹ ሕገ መንግሥት አይነኩም። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ተከፍሎ ደባርቅ የዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንድ ፊደል አልተቀየረም። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በሕግ የቆመ ተቋም የሆነውም በአዋጅ ቁጥር 1207 ነው። ያን ያህል ዓመት የተጠየቀ ጉዳይ በተራ አዋጅ፣ በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ብቻ አለቀ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ሲኖረን በቅድሚያ «ይህ ማሻሻያ ይፈልጋል ወይስ አዋጅ ይበቃዋል?» ብለን ብንጠይቅ ብዙ ድካም ይቀንስልናል።

«ይጠና» የሚለውን ውሳኔ በቀላሉ አትመልከቱት፤ አቅልላችሁ ካያችሁት ያታልላል። የጥናት ውሳኔ ሕግ አይደለም፣ ማንንም አያስገድድም። ለዚህ የቅርቡ ትምህርት ያለው በደቡብ ነው። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ክልል የመሆን ጥያቄውን በድምፅ አጽድቆ ለክልሉ ምክር ቤት አቀረበ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰው የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ ያዛል። በዚያው ጊዜ ግን ክልሉን ይመራ የነበረው ደኢሕዴን ምሁራንን አሰማርቶ የመላው ክልሉን አደረጃጀት ያስጠና ነበር። ጥናቱ በራሱ ክፋት አልነበረውም፤ ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች ያሉበት ክልል ሳይጠና እንዴት ይቆረሳል? ችግሩ ጥናት የሕገ መንግሥቱን ሰዓት የማያቆም መሆኑ ነው። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ዓመቱ ሞላ፣ ሕዝበ ውሳኔው አልተደረገም፣ ሁከት ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን 98.5 በመቶ የሚሆነው መራጭ ክልል መሆንን ደገፈ። «እየተጠና ነው» የሚል መልስ ስንሰማ ጥናቱ የሚያበቃበት ቀን አለው ወይ ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የማሻሻያውን መንገድ የሚያሳዩት አንቀጽ 104 እና 105 ናቸው። 104 ሐሳብ የሚመነጭበት፣ 105 ደግሞ የሚጸድቅበት ነው።

በ104 መሠረት የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት የሚቀርበው ከሦስት በሮች በአንዱ ካለፈ ነው፦ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከደገፈው፣ ወይም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከደገፈው፣ ወይም ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው እያንዳንዳቸው በድምፅ ብልጫ ከደገፉት። በሮቹን የሚያያይዛቸው «ወይም» የሚለው ቃል ነው። ዲጂታል ሎጂክ የወሰዳችሁ እንደምታውቁት ይህ ኦር ጌት ነው፤ አንዱ ከበራ ውጤቱ ይበራል።

105 ግን አንድ ጌት ነው (በፊደላችን ሲጻፍ ቁጥር መምሰሉ ሁሌ ያስቀኛል)፣ ማለትም ሁሉም ቅድመ ሁኔታዎች በአንድነት መሟላት አለባቸው። እሱም ሁለት ቁልፎች አሉት። ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም ከአንቀጽ 13 እስከ 44 የተዘረዘሩትን መብቶችና ነጻነቶች፣ እንዲሁም 104 እና 105ን ራሳቸውን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። ይህ ጠንካራው ቁልፍ ነው። ለቀሩት አንቀጾች ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ካጸደቁ ይበቃል።

ሕገ መንግሥቱ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ክልሎች ዘጠኝ ነበሩ። ሐሳብ ለማመንጨት ሦስት ምክር ቤቶች፣ በቀላሉ ቁልፍ ለማጽደቅ ስድስት ይበቁ ነበር። ከዚያ ሲዳማ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከተሉ። ዛሬ ክልሎች አሥራ ሁለት ናቸው። ሐሳብ ለማመንጨት አራት፣ ለማጽደቅ ስምንት ያስፈልጋሉ፤ ጠንካራውን ቁልፍ ለመክፈት ደግሞ አሥራ ሁለቱም። 104 እና 105 ላይ አንድ ቃል ሳይነካ ሚዛኑ ተለወጠ ማለት ነው። የሚገርመው አንቀጽ 47 ላይ የክልሎቹ ዝርዝር ዛሬም ዘጠኝ ስም ብቻ የያዘ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ባሕር ዳር ያለው የክልላችን ምክር ቤት ብቻውን «ይህ አንቀጽ ይሻሻል» ብሎ ቢወስን ከሚያስፈልጉት አራት ድምፆች አንዱን ሰጠ እንጂ ምንም አልተሻሻለም። በተቃራኒው በጠንካራው ቁልፍ ላይ እሱ ብቻውን «አይሆንም» ቢል አሥራ አንዱ ቢስማሙም በሩ አይከፈትም። ስለ አንቀጽ 39 የሚደረገው የማያባራ ክርክር ከወረቀት የማያልፈውም በዚህ ምክንያት ነው፤ 39 ያለው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ክልል ስላልሆኑ የከተማ ምክር ቤቶቻቸው በዚህ ቆጠራ ውስጥ የሉም። የክልል ምክር ቤት እጅ ግን ሌላም ቦታ ይገባል፤ በተግባር የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን መርጠው የሚልኩት እነሱው ናቸው።

እኛን የሚመለከቱ አንቀጾች ከየትኛው ቁልፍ ጀርባ ናቸው? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስመልስ ያገኘሁት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ።

የሃይማኖት ነጻነትና የሃይማኖት ትምህርት ቤት የማቋቋም መብት አንቀጽ 27 ላይ ነው። ምዕራፍ ሦስት ስለሆነ በጠንካራው ቁልፍ ተቆልፏል። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ እንደማይገባ የሚናገረው አንቀጽ 11 ግን ምዕራፍ ሁለት ነው፤ ቀላሉ ቁልፍ። በካምፓስ የሶላት ቦታ ወይም የአለባበስ ጥያቄ ሲነሳ ከ27 ጎን የሚጠቀሰው «ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን» የሚለው አንቀጽ 90 ደግሞ ምዕራፍ አሥር ነው። እሱም ቀላሉ ቁልፍ።

የበለጠ አሳሳቢው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤቶቹ በሁለት እግር የቆሙ ናቸው። አንደኛው አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ በኒካሕ፣ በፍቺ፣ በሚራስና በመሳሰሉት የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት እንደማይከለከል ይናገራል። ሁለተኛው አንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች የሃይማኖት ፍርድ ቤቶችን ማቋቋም ወይም እውቅና መስጠት እንደሚችሉ፣ ከሕገ መንግሥቱ በፊት እውቅና አግኝተው ይሠሩ የነበሩትም እንደሚቀጥሉ ይደነግጋል። 34 ምዕራፍ ሦስት ነው፣ 78 ምዕራፍ ዘጠኝ። በመድረሳ ቋንቋ እናስቀምጠው ካልን አስሉ በጠንካራው ቁልፍ ተጠብቋል፣ ፈርዑ ግን በቀላሉ። መብቱን ለመንካት አሥራ ሁለት ምክር ቤት ያስፈልጋል፤ መብቱ የሚሠራበትን ተቋም መሠረት ለመንካት ስምንት ይበቃል። መብቱ ሳይነካ ቃዲው ግን ወንበር ሊያጣ የሚችልበት መንገድ በወረቀት ላይ አለ ማለት ነው። ማንም ይህን ሊያደርግ ነው እያልኩ አይደለም። ማሻሻያ ሲነሳ ሁሉም ዓይን 27 እና 39 ላይ ሲያፈጥ 78 ቁጥር ሳይነበብ እንዳያልፍ ነው። ቃዲዎች በዚህ አገር በሕግ እውቅና ያገኙት በ1930ዎቹ፣ በንጉሡ ዘመን በወጡ አዋጆች ነው።

ከማሻሻያ ሌላ የሕገ መንግሥቱ ትርጉም የሚወሰንበት መንገድም እንዳለ አትርሱ፤ እሱም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ትርጓሜ ነው። በ1996 ዓ.ም. አንዲት የአዲስ አበባ ሙስሊም ሴት በውርስ ክርክር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃዳቸው መወሰዳቸውን ተቃውመው እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሱ። ምክር ቤቱም ያለ ተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ብሎ ወሰነ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫ ሲራዘምም ሄደው የፈቱት በዚሁ በር ነው። ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ቀርበው ሲከራከሩ አገር ሁሉ ተመለከተ፣ ሰኔ 3 ቀን ውሳኔው ተሰጠ። አንቀጽ አልተሻሻለም፤ የክልል ምክር ቤቶችም ድምፅ አልተጠየቁም።

እስካሁን በትክክል ተሻሽለዋል የሚባሉት ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንደኛው ስለ ፌዴራልና ክልሎች የጋራ ግብር የሚናገረው 98፣ ሁለተኛው የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ የሚያዘው 103 ንዑስ አንቀጽ 5። ሁለቱም ሲሻሻሉ ሕዝብ በሰፊው እንዳልተወያየባቸው፣ ጽሑፉም በነጋሪት ጋዜጣ እንደሚገባው እንዳልታወጀ ብዙ የሕግ ምሁራን ይወቅሳሉ። ዛሬም በገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ የሕገ መንግሥት ቅጂዎች የድሮውን 98 የያዙ ናቸው።

ድምፅ የሚሰማው መቼ ነው ለሚለው የአያቶቻችንን ዘመን ማየት ይጠቅማል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ንጉሡ ሕገ መንግሥቱን የሚያሻሽል ጉባኤ አቋቋሙ። ጉባኤው ሥራ ላይ እያለ፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ ሙስሊሞች ከብዙ ክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቁ። ረቂቁ በነሐሴ ተጠናቀቀ፤ ንጉሡ መስከረም 2 ስለወረዱ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ጥያቄው ግን ከረቂቁ ጋር አልሞተም፤ ዒደል ፊጥር፣ ዓረፋና መውሊድ በ1967 ዓ.ም. ብሔራዊ በዓል ሆኑ።

የዘመናችን ጉባኤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 የተቋቋመው አገራዊ የምክክር ኮሚሽን ነው። ከእሱ የሚወጣው ምክረ ሐሳብ ነው። ሕገ መንግሥት የሚነካ ከሆነ ተመልሶ በ104 በር መግባት፣ በ105 ቁልፍ መከፈት አለበት። በሁለቱ መካከል ደግሞ 104 ሐሳቡ ለሕዝብና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ክፍሎች ውይይት ይቀርባል ይላል። ውይይቱ ለስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በቀበሌ አዳራሽ ይሁን በዩኒቨርሲቲ፣ ስለ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ሲነሳ «የሚመለከታቸው» ተብሎ የሚጠራው መጅሊስ ይሁን ቃዲ ወይስ ማንኛውም ሙስሊም፣ አንቀጹ ውስጥ አልተጻፈም።