የጃፓን ዕፅዋተ ፈውስና የባሕር ማዶ ገዢ

በጃፓን የቀድሞ መናገሻ በናራ፣ ሾሶይን በሚባለው ጥንታዊ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ንግሥት ኮምዮ ባላቸው ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ756፣ ሕሙማን ይፈወሱበት ዘንድ ለቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ያበረከቱት የ60 ዓይነት መድኃኒት ቅሪት እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው የመጡ ስለ ነበሩ፣ ዛሬ የውጭ አገር ነጋዴዎች ዕፅዋተ ፈውስ የሚሹባት ጃፓን አስቀድማ ራስዋ ገዢ እንደ ነበረች እንረዳለን።

ካምፖ የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ሕክምና ከቻይና ተቀድቶ በዘመናት ብዛት የራሱን ጠባይ ያበጀ ጥበብ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሾገኑ፣ ማለትም አገሪቱን ያስተዳድሩ የነበሩት የጦር መሪ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ፣ ከኮሪያ የሚገዛው ጂንሰንግ የተባለ የፈውስ ሥር የአገሪቱን ብር ሲያሟጥጥ አይተው፣ በአገር ውስጥ እንዲለማ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ በርካታ የካምፖ መድኃኒቶች በጤና መድን ስለ ተካተቱ ፍላጎቱ በረከተ። ይሁን እንጂ ዛሬ ጃፓን ለካምፖ ከምታውለው ጥሬ ዕፅ የሚበዛው ከቻይና የሚመጣ ስለ ሆነ፣ በጃፓን የተቀመመው ሁሉ በጃፓን አፈር የበቀለ ነው ብሎ ማመን አይገባም።

የአገሬው ዕፅ ጥቂት የሆነበት ምክንያት ከድካሙ ይታያል። ቶኪ የሚባለውን ሥር የሚያለማ የናራ ገበሬ፣ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን አፍልቶ፣ በሁለተኛው አዛውሮ ተክሎ፣ በመከር ማብቂያ ሥሩን ቈፍሮ ያወጣል፤ ከዚያም የብርዱን ወራት በመስቀያ ላይ አንጠልጥሎ በነፋስ ካደረቀው በኋላ፣ በሙቅ ውሃ እያሸ አፈሩን አስለቅቆ ዳግመኛ ያደርቀዋል። ጂንሰንግ ፀሐይ በሚከልል ዳስ ሥር ከ4 እስከ 6 ዓመት ይቈያል፤ በደን ጥላ ሥር የሚዘራው ኦሬን የተባለው መራራ ሥር ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ የዕፁን ዝርያ በላቲን ስሙ፣ የበቀለበትን ስፍራ፣ የተለቀመበትን ዓመት፣ የፀረ ተባይና የከባድ ብረታ ብረት ምርመራውን ውጤት፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱንም ይጠይቅ። የጃፓኑ ቶኪና በዚያው ፊደል የሚጻፈው የቻይናው ሥር ዝርያቸው የተለያየ ነውና፣ በንግድ ስም ብቻ መተማመን አደጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂግ፣ ለማቅጠኛ በሚሰጥ መድኃኒት ውስጥ አንዱ የቻይና ዕፅ አሪስቶሎኪያ በተባለ መርዛም ተክል ተለውጦ በመግባቱ የብዙ ሴቶች ኩላሊት ተበላሽቷል። እ.ኤ.አ. በ1886 መጀመሪያ የታተመው፣ እየታደሰም እስከ ዛሬ የዘለቀው የጃፓን መድኃኒት መዝገብ የጥራት መለኪያ ቢሰጥም፣ ዕፁ በሚገባበት አገር እንደ ምግብ ወይም እንደ መድኃኒት መቈጠሩን አስቀድሞ መርምሮ ማወቅ የገዢው ፈንታ ነው።

ለአንድ ወቅት ብቻ መጥቶ ብዙ ጭነት በርካሽ የሚሻ ነጋዴ፣ ዓመታት የፈጀውን ሥር በአንድ ቀን ቢያስጭንም፣ ተተኪውን የሚዘራለት ሰው አያገኝም። ውሉን በሥሩ ዕድሜ ልክ የሚያስርና ለገበሬው የድካሙን ዋጋ የሚከፍል ገዢ ግን የራሱንም ንግድ፣ የሕሙማኑንም ጤና፣ ከጥንት የተወረሰውንም ጥበብ በአንድነት ያጸናል።