አዲሱ የኮምፒውተር ፈርምዌር በእርግጥ ኮምፒውተርን ቶሎ ያስነሳል?

የኮምፒውተር ማብሪያ ከተጫነበት ቅጽበት አንስቶ የይለፍ ቃል መጠየቂያው እስኪመጣ ድረስ ያለው ጊዜ ለአንዳንዱ ተጠቃሚ ጥቂት ሰከንዶች፣ ለሌላው ደግሞ ደቂቃዎች ነው።

ለዚህ ልዩነት ብዙ ጊዜ በምክንያትነት የሚጠቀሰው "ዩኢኤፍአይ" የተሰኘው አዲሱ ፈርምዌር ነው። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። ፍጥነት ፈልጎ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘቡን የሚቆጥር ሰው ይህንን ልዩነት ማወቁ ይጠቅመዋል።

ፈርምዌር ምንድን ነው?

ፈርምዌር በማዘርቦርድ ላይ በሚገኝ አነስተኛ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከማንኛውም ሶፍትዌር ቀድሞ ሥራ ይጀምራል። ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ለሥራ ካዘጋጀ በኋላ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን የመሰለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከዲስኩ ላይ ፈልጎ ቦታውን ይለቅለታል።

"ባዮስ" የሚባለው የቀድሞው ፈርምዌር በስፋት የታወቀው አይቢኤም እአአ በ1981 ለገበያ ባቀረበው የግል ኮምፒውተር ነው። የሚሠራው በ16 ቢት ሲሆን፣ በዚህ ስልት በቀጥታ ሊደርስበት የሚችለው ሜሞሪ ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይዘልም። አብሮት የቆየው የዲስክ አከፋፈል ዘዴም ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ የሆነን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ለመጠቀም አያስችልም።

ኢንቴል እነዚህን ገደቦች ለመሻገር በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ ፈርምዌር መንደፍ ጀመረ። እአአ በ2005 ሥራው በርካታ ኩባንያዎች ወደተሰባሰቡበት ፎረም ተሸጋግሮ ዩኢኤፍአይ የሚለውን ስያሜ ያዘ። የለውጡ ዋነኛ ምክንያት እንግዲህ ፍጥነት ብቻ አልነበረም።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?

ዩኢኤፍአይ የትኛውን ፋይል ከየትኛው ዲስክ ላይ ማስነሳት እንዳለበት አስቀድሞ መዝግቦ ይይዛል። "ፋስት ቡት" የተባለው አማራጭ ሲበራ ደግሞ ለማስነሳት የማያስፈልጉ መሣሪያዎችን ሳያዘጋጅ ያልፋል። በዚህ መንገድ የሚቆጠበው ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በሰከንዶች ነው።

አዲስ መሆን ሁልጊዜ ፈጣን መሆን ማለትም አይደለም። ዲዲአር5 ሜሞሪ ያላቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሩ ፈርምዌሩ ሜሞሪውን እስኪያስተካክል ድረስ ደቂቃዎች ሊወስዱ ይችላሉ። ዩኢኤፍአይ ያላቸው ትልልቅ ሰርቨሮችም ለመነሳት ደቂቃዎችን ይፈጃሉ።

ምስጋናው ለማን ነው?

ብዙዎች ዩኢኤፍአይን የተዋወቁት ዊንዶውስ 8 እአአ በ2012 ሲወጣ ነው። ይህ ዊንዶውስ ሲዘጋ የሥራውን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ፣ ሲከፈት ካቆመበት የሚያነሳ አዲስ ስልት ይዞ መጣ። ስልቱ ባዮስ ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይም ይሠራል።

በተመሳሳይ ዓመታት ኤስኤስዲ ዲስኮች እየተስፋፉ ነበር። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ አንድን መረጃ ለማግኘት የዲስኩ ክንድ መንቀሳቀስ ስላለበት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ያስፈልጋል። በኤስኤስዲ ላይ ግን 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲነሳ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብ ትልቁ ልዩነት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱ ለውጦች በአንድ ወቅት በመምጣታቸው የኤስኤስዲው ውለታ ብዙ ጊዜ ለፈርምዌሩ ተቆጠረ።

እንዴት መለካት ይቻላል?

በዩኢኤፍአይ በሚነሱ ኮምፒውተሮች ላይ፣ በዊንዶውስ "ታስክ ማናጀር" ውስጥ "ስታርትአፕ" የሚለው ገጽ ፈርምዌሩ የወሰደውን ጊዜ በሰከንድ ያሳያል።

ለምሳሌ አንድ ኮምፒውተር ለመነሳት 90 ሰከንድ ቢወስድና ከዚህ ውስጥ የፈርምዌሩ ድርሻ 8 ሰከንድ ቢሆን፣ ፈርምዌሩ ምንም ጊዜ ባይወስድ እንኳ 82 ሰከንድ ይቀራል። መፍትሔውም መፈለግ ያለበት በዲስኩና ከዊንዶውስ ጋር አብረው በሚነሱ ፕሮግራሞች ዘንድ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ዊንዶውስ በቀድሞው ስልት ተጭኖ ሳለ የፈርምዌሩን ምርጫ ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየር ኮምፒውተሩ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል። አስቀድሞ የፋይሎችን መጠባበቂያ ቅጂ መያዝና የዲስኩን አከፋፈል መለወጥ ያስፈልጋል።

ፈርምዌርን ማዘመንም የራሱ አደጋ አለው። በመሃል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ኃይል በተደጋጋሚ በሚቋረጥባቸው አካባቢዎች ላፕቶፕን ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ ዴስክቶፕን ደግሞ ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ማዘመን ይመከራል።

ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ዩኢኤፍአይን የሚፈልግበት በቂ ምክንያት አለው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እአአ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዩኢኤፍአይንና ያልታመነ ሶፍትዌር ቀድሞ እንዳይነሳ የሚከላከለውን "ሴኪዩር ቡት" መቀበል የሚችል ኮምፒውተር ይጠይቃል። ፍላጎቱ ፍጥነት ብቻ ከሆነ ግን፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ከአዲስ ኮምፒውተር እጅግ ባነሰ ወጪ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።