ሕመምን በስልክ መንገር

ማንበብ የጀመራችሁ ጽሑፉን በእጃችሁ ይዛችሁ ተከተሉን። የዛሬው ንግግራችን ስለ ካንሰርና ስለ ስልክ ነው። ካንሰርና ስልክ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እንነጋገርበት።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ካንሰር በአማርኛ ነቀርሳ ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ግን ሌላ በሽታ ነው፤ እሱ ቲቢ ነው። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል። ካንሰር ግን አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመችውን እናት ሳህኗን መለየት፣ ከጎረቤት ቡና ማስቀረት አያስፈልግም።

ካንሰርን ከሚያክሙት መድኃኒቶች አንዱ ኬሞቴራፒ ይባላል። ብዙውን ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። ታማሚዋ ሆስፒታል ሄዳ ትወስዳለች፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ትሄዳለች። በመካከሉ ያሉትን ቀናት የምታሳልፈው በቤቷ ነው። ለከተማ ሰው ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ለገጠር ሰው ግን የመኪና መንገድ ላይ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን በእግር መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል።

አስቸጋሪዎቹ እነዚህ የመካከል ቀናት ናቸው። በደማችን ውስጥ በሽታን የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ኬሞቴራፒው ካንሰሩን ሲመታ እነሱንም ይቀንሳቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በጣም የሚያንሱት መድኃኒቱ ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ትኩሳት ከመጣ ቀላል ነገር አይደለም። ተራ ጀርም በአጭር ጊዜ ሰው ሊገድል ይችላል። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ምች ነው ብለን ዳማከሴ እንጨምቃለን። ወይም ፓራሲታሞል ውጣ ትተኛ እንላለን። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ያበርደዋል፤ በሽታው ግን ከውስጥ ይቀጥላል። ሲነጋ ይሻላታል ሲባል ይነጋል፤ እሷ ግን አትነሳም።

ስልክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ አገር አንድ ጥናት ተደርጎ፣ ውጤቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ታተመ። 52 የካንሰር ሕክምና ቦታዎችና 1,191 ታማሚዎች ነበሩበት። የገጠር ነዋሪዎችም ነበሩ። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በየሳምንቱ ስለ ሕመማቸው ይጠየቁ ነበር፤ የፈለገ በኢንተርኔት፣ የፈለገ በተራ ስልክ። በስልኩ የተቀዳ ድምፅ ይጠይቃል። ሕመም አለ? ማስመለስስ? ትንፋሽ ማጠርስ? ታማሚው ቁልፍ እየተጫነ ይመልሳል። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ወይም ከበፊቱ ከባሰ ወሬው ወዲያው ለነርሷ ይደርሳል። ከ3 ወር በኋላ እነዚህ ሰዎች ካልተጠየቁት ይልቅ ሕመማቸው ቀለል ብሎ፣ ሰውነታቸውም በርትቶ ተገኘ። ስልኩ ካንሰሩን አያድንም። ሕመሙ ሳይከፋ እንዲነገር ነው ያደረገው።

ይሄማ የፈረንጅ ነገር ነው እንዳትሉ። በአገራችን 8028 የሚባል የገበሬዎች ስልክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ሥራ ጀምሯል። ገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ እየሰማ፣ ቁጥር እየተጫነ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ይጠይቅ ነበር። ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ስለ ጤፍ የጠየቀ ሰው ስለ ሕመሙ መናገር ያቅተዋል እንዴ? የሚከብደው ሌላ ነው። በወዲያኛው ጫፍ የሚያነሳ ሰው መኖር አለበት። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ከመውጣታችሁ በፊት፣ “ሌሊት ቢያመኝ ለማን ልደውል?” ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት ግን አያልቅበትም።

አንድ ልማዳችንም አለ። እንዴት ነሽ ስንባል እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። ማመስገኑ ባልከፋ፤ ነርሷ ግን ከዚህ ምን ታውቃለች? ቁጥር ንገሯት። ምንም ካላመማችሁ 0፣ ከዚህ የባሰ የለም የምትሉት ከሆነ 10። ትናንት 3 የነበረው ዛሬ 7 ከሆነ እሷ ይገባታል። ሐኪሙም የማስታገሻውን መጠን ሊያስተካክል ይችላል።

ትኩሳቱ 38 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መለኪያ ባይኖርም ብርድ ብርድ ብሏት ካንቀጠቀጣት፣ ጽሑፍ ልኮ መጠበቅ አይገባም። ያልታየ መልእክት አይረዳም። ደውሉ። የሚያነሳ ካልተገኘ ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ተነሱ። እዚያም ስትደርሱ ኬሞቴራፒ እንደምትወስድ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ካልነገራችኋቸው ወባ ነው ብለው ሊያስቡ ይችላሉ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ስትደውሉ የምትናገሩትን እንጽፋለን። ቀስ ብዬ አነባለሁ።

“ሲስተር፣ ባለቤቴ የካንሰር መድኃኒት ከወሰደች ዛሬ 9 ቀኗ ነው። ትኩሳቷ 38 ተኩል ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልረጋላትም። አሁኑኑ ላምጣት ወይ?”