ራዲያተርና ክዳኑ

የአዲስ አበባ ባለመኪና ዘይት ሲቀየርለት አጠገቡ ቆሞ ያያል፤ ጎማ ሲነፋም ይወርዳል። ራዲያተሩ ትዝ የሚለው ግን የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ነው። ያን ጊዜ ከወንበር ሥር አንድ ሃይላንድ ውሃ ብቅ ይላል፤ ሞልቶ ይነዳል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይሞላል። የራዲያተር ውሃ እዚያው ታሽጎ የሚዞር ስለሆነ ጤነኛ መኪና ላይ ለወራት አይጎድልም። በየሳምንቱ የሚሞላ ሰው ቀዳዳ እየቀለበ ነው።

ቤንዚን ሲቃጠል ከሚገኘው ጉልበት ጎማ የሚያዞረው ቢበዛ ሲሶው ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ከፊሉን ውሃው ተሸክሞ ራዲያተር ላይ ያራግፈዋል። ውሃውን የሚያዞረው ፖምፓ ነው። ቴርሞስታት የሚባለው ትንሽ በር ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆይና ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ይከፍተዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር በደህናው ቀን 90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ታዲያ መኪናው ሁሉ መንገድ ላይ የማያፈላው ለምንድን ነው? በክዳኑ ምክንያት። ብዙ ክዳን አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው፤ አምቆ የሚይዘው ግፊት መጠን ነው። የታመቀ ውሃ ቶሎ አይፈላም፤ ባለ 0.9 ክዳን እዚሁ ከተማ የመፍያውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን ከፍታችሁ ገልብጡት፦ ስፕሪንግ፣ ከሥሩ ጉሚኒ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ቫልቭ ታያላችሁ። ግፊቱ ሲበዛ ስፕሪንጉ ተገፍቶ ትርፉን ውሃ ወደ መጠባበቂያው ፕላስቲክ ይለቃል፤ ሞተሩ ሲበርድ ትንሹ ቫልቭ የወጣውን ይመልሳል። ጉሚኒው ደርቆ ከተሰነጠቀ አዲስ ራዲያተርም ያፈላል። ጥፋቱ የክዳን ሆኖ ሳለ ስንቱ ራዲያተር ተፈትቶ ለብየዳ ሄዷል!

አንዳንድ መካኒክ ደግሞ «ለእኛ አገር አየር አይሆንም» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። አልስማማም። የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ኩላንት የተባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግዙ ሲባልም «በረዶ የት አለና» የሚል መልስ አይጠፋም። ኩላንት የሚገዛው ለበረዶ ብቻ አይደለም፤ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ሙቀትም ከፍ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ ሲከርም ዝገትና ዝቃጭ ይተውና ቀጫጭኑን የራዲያተር ቱቦ ይደፍናል። የኩላንቱ ቀለም ግን አያታልላችሁ፤ አረንጓዴውም ቀዩም እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ መቀላቀል አይገባም።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና በቆላው ሙቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጠቋሚው ከፍ ካለ ኤርኮንዲሽኑን አጥፍቶ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ መክፈት ያግዛል፤ ተሳፋሪው ይጋገራል እንጂ ሞተሩ ይተነፍሳል። ካልወረደ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። በጋለበት ክዳኑን የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋበት ቴስታታውን ሊያጣምም ይችላል። በኋላ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ሳይቃጠል አልቀረም፤ እንዲያ እየነዱ መቀጠል ሞተር ያስነክሳል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ያለውን አሮጌ ሞተር ማቆየት ግድ ሆኗል። ወደ ኤሌክትሪክ የዞረውም ከኩላንት አላመለጠም፤ የብዙዎቹ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በእሱው ነው።

ኩላንት ስታስቀይሩ አሮጌው በጄሪካን ይቀመጥ፤ ቦይ ውስጥ አይደፋ። አብዛኛው የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ጣዕሙ ይስባቸዋል።