ትርፍ ያልነበሩት ደወልና ፊሽካ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ዕቃ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ የተደራረበውን ነገር ሁሉ «ደወልና ፊሽካ» ይሉታል። ስልክ ሻጩም፣ መኪና ሻጩም፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም አፍ ላይ የማይጠፋ አባባል ነው። አመጣጡን አንዳንዱ ከእንፋሎት ባቡር፣ ሌላው ከሲኒማ ቤት ኦርጋን ጋር ያያይዘዋል። እኔ የማወራው ስለ ኦርጋኑ ነው፤ ይህን የመሰለ መሣሪያ ተረስቶ መቅረቱ ያንገበግበኛልና።

ኦርጋን ሲባል ሠርግ ቤት የምናየው ኪቦርድ እንዳይመጣባችሁ። ይኼኛው ከሕንፃው ጋር የሚተከል፣ ነፋስ በቧንቧ እየነፋ የሚዘምር ነው። ኒውዮርክ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ ያለው ብቻ 4,410 ቧንቧዎች አሉት። እንግሊዛዊው ሮበርት ሆፕ ጆንስ የስልክ መሐንዲስ ነበርና ቁልፉንና ቧንቧውን በኤሌክትሪክ ሽቦ አገናኘ፤ በ1910 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዉርሊትዘር ኩባንያ ገባ። ድምፅ አልባ ፊልም የሚያሳዩ ሲኒማ ቤቶችም የአንድ ኦርኬስትራ ሥራ በአንድ ሰው ማሠራት ቻሉ።

የእኔ ልብ ያለው ግን ባለሙያዎቹ «የአሻንጉሊት መደርደሪያ» የሚሉት ክፍል ላይ ነው። ከበሮ፣ ጸናጽል፣ የፈረስ ኮቴ፣ የመኪና ጡሩምባ፣ የበር ደወል፣ የባቡር ፊሽካ እዚያ ተደርድረዋል። አንዱም የተቀዳ ድምፅ አይደለም። ተጫዋቹ በእግሩ ጫፍ አንዷን ቁልፍ ሲነካ፣ ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው መዶሻ እውነተኛውን ከበሮ ይመታል። የወፍ ድምፁማ ልዩ ነው! ትንሽ ቧንቧ አፏን ውሃ ባለበት ጽዋ ውስጥ ነክራ ትነፋለች፤ ውሃው ሲንፎለፎል ድምፁ ይርገበገባል። ውሃው ከደረቀ ወፏ የለችም፣ የሚወጣው ተራ ፉጨት ነው። ይህ ብልሃት ከሲኒማ በፊት ገና ዱሮ በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋኖች ላይ ነበረ። አንድ የታደሰ ሲኒማ ቤት ውስጥ ስሰማው፣ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ወፍ የገባች መስሏቸው ቀና ብለው ጣሪያውን ያዩ ነበር።

እንግዲህ ይህን ነው «ትርፍ» የሚሉት። ፊልሙ ድምፅ የለውም። ተዋናይቱ ደንግጣ ወደ በሩ ስትዞር በሩ መደወሉን ለተመልካቹ የሚነግረው ያ ደወል ነው። መርከቧ ከወደብ ስትነሣ የምትጮኸው በዚያ ፊሽካ ነው። ባቡሩም ቢሆን ያው ነው፤ ደወልና ፊሽካ ባይኖረው ሐዲድ የሚሻገረውን ሰው ምን ያስጠነቅቀው ነበር? አባባሉን ለማጣጣያ የምታዘወትሩ ሰዎች እባካችሁ ይህን አትርሱ።

በ1927 እ.ኤ.አ. «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም ድምፅ ይዞ መጣ፤ የኦርጋኖቹም ገበያ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ብዙዎቹ ፈራርሰው ተሸጡ። ከዴንቨር ሲኒማ ቤት የወጣ አንድ ዉርሊትዘር ግን አሪዞና፣ ሜሳ ከተማ ፒዛ ቤት ውስጥ ተተክሎ፣ ቤተሰብ ራት እየበላ ከነደወሉና ከነፊሽካው ይሰማዋል።